ሟቾቹ ሲቀንሱ ሕሙማኑ የሚበዙበት የደም ካንሰር

«ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ» የተባለው የደም ካንሰር በዓመት የሚይዘው ከ100 ሺህ ሰዎች አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ነው። ባለጸጋ በሆኑት አገራት ይህ መጠን ለረጅም ጊዜ ብዙም አልተለወጠም። ከበሽታው ጋር የሚኖሩት ሰዎች ቁጥር ግን ከዓመት ዓመት እያደገ ነው። የሕሙማኑን ብዛት ብቻ የተመለከተ ሰው ወረርሽኝ የገባ ሊመስለው ይችላል፤ ሰዎቹ የበዙት ግን ስለማይሞቱ ነው።

በፈረንጆቹ 1960 ፒተር ኖውል እና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ ከተማ በሕሙማን የደም ሴሎች ውስጥ ከወትሮው ያነሰ ክሮሞዞም ተመለከቱ። በ1973 ደግሞ ጃኔት ራውሊ 9ኛው እና 22ኛው ክሮሞዞሞች ቁራጮቻቸውን እንደሚለዋወጡ አረጋገጡ። ከዚህ ልውውጥ የሚወለደው ፕሮቲን መቅኔ ነጭ የደም ሴሎችን ያለማቋረጥ እንዲያመርት ያስገድዳል። በግንቦት 2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ ይህንኑ ፕሮቲን የሚገታ፣ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

ከዚያ በፊት አብዛኛው ታማሚ ከምርመራው በኋላ የሚኖረው ጥቂት ዓመታትን ነበር። የመቅኔ ንቅለ ተከላም ቢሆን ተስማሚ ለጋሽ ላገኙና አቅሙ ለነበራቸው የተወሰነ ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ነው። ከ1973 እስከ 2013 በበሽታው የተያዙ ስዊድናውያንን መዝገብ የመረመረና በ2016 የታተመ ጥናት፣ የሕሙማኑ ዕድሜ ወደ ሌላው ሕዝብ ዕድሜ መቃረቡን አሳይቷል።

በ2012 የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ግምት ደግሞ በአገሪቱ ከበሽታው ጋር የሚኖሩት በ2010 ከነበሩበት 70 ሺህ ገደማ፣ በ2050 ወደ 180 ሺህ እንደሚደርሱ አስልቷል።

እያንዳንዳቸው ታዲያ በየቀኑ መድኃኒት ይውጣሉ፤ ሒሳቡም እዚህ ላይ ይከብዳል። የኢማቲኒብ የአንድ ዓመት ዋጋ በአሜሪካ በ2001 ከነበረበት 30 ሺህ ዶላር ገደማ በ2012 ወደ 92 ሺህ አሻቅቧል። የምርምር ወጪው ከተመለሰ በኋላ ዋጋው ሦስት እጥፍ ማደጉን በቀላሉ ማስረዳት የሚቻል አይመስልም። በ2013 ከመቶ በላይ የበሽታው ባለሙያዎች ዋጋውን በአደባባይ የተቃወሙትም ለዚህ ነው። በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ ሕሙማን ይህንኑ መድኃኒት ለዓመታት ያገኙት በልገሳ ነበር። ከ2016 ወዲህ በአሜሪካ ሌሎች አምራቾች ተመሳሳዩን በርካሽ አቅርበዋል፤ አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ግን ውድ ናቸው።

ሸክሙ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የዐይን አካባቢ እብጠት፣ የጡንቻ ቁርጠትና ድካም ለብዙዎች የዕለት ተዕለት ኑሮ ናቸው። መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ፣ መውለድ የምትሻ ሴት አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር መምከር ይኖርባታል።

«ማቆም ይቻል ይሆን?» የሚለው ጥያቄ የተነሳው ከዚሁ ነው። የፈረንሳይ ሐኪሞች ቢያንስ ለ2 ዓመታት የበሽታው ምልክት በደማቸው ያልተገኘባቸውን 100 ሕሙማን መድኃኒቱን አስቁመው ተከታተሉ። በ2010 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ በሽታው ተመልሷል፤ በአብዛኞቹም ላይ የተመለሰው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነበር። መድኃኒቱን ዳግም ሲጀምሩ ግን በሽታው እንደገና ተገታ። የቀሩት ያለ ኪኒን፣ በየጊዜው ደማቸውን እያስመረመሩ መኖር ቀጠሉ።