የአሽቀሎን ገደል ለምን ይናዳል? ተማሪዎችስ ምን ይሠሩበታል?



ባለፈው ቲዩል ወደ አሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። ሞራችን ስለ ከነዓናውያን በር ስታስረዳን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የአብዛኞቻችን ዓይን ባሕሩ ላይ ነበር። በኋላ ወደ ዳርቻው ስንወርድ ልጆቹ ጥላ አገኘን ብለው ከገደሉ ሥር ሊቀመጡ አሉ። ይኼን ጊዜ ከመካከላችን አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ቀና ብለው አዩና፣ «ተነሡ ልጆች! ይኼ እኮ ከሥሩ ተበልቷል፤ ይወድቃል» አሉ። ትንሽ አለፍ ብሎ ሰሌዳ ተተክሏል። «ሳካና» ይላል፤ አደጋ ማለት ነው። አባታችን ሰሌዳውን ማንበብ አይችሉም፤ ገደሉን ግን አውቀውታል።

ታዲያ ብዙዎቻችሁ ስትጠይቁ ስለሰማን የዛሬውን ገጽ ለዚህ ጉዳይ ሰጠነው።

ገደሉ ከምን ተሠራ?

ድንጋዩ በዕብራይስጥ ኩርካር ይባላል። ጥንት ነፋስ የከመረው የባሕር አሸዋ ነው። ከዘመን ብዛት ቅንጣቶቹ በኖራ ተጣብቀው ደነደኑ። በመካከሉም ሐምራ የሚባል ቀይ አፈር በንብርብር ይገኛል። ድንጋይ ይባል እንጂ እንደ አገራችን ጥቁር ድንጋይ ጠንካራ አይደለም፤ በእጅ ሲፍቁት እንኳ የሚረግፍ አለው።

በክረምት ማዕበሉ ሲበረታ ውሃው እስከ ገደሉ እግር ይደርሳል። እግሩን ቀስ በቀስ ይቦረቡረዋል። ከላይ ያለው እንደ ጣሪያ ጠርዝ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከላይ ደግሞ ዝናቡ በስንጥቁ ይሰርጋል፣ ቀዩን አፈር ያረጥበዋል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ፀጥ ባለ ቀንም ቢሆን፣ ይናዳል። ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ስለዚህ ከገደሉ ሥር መቀመጥ፣ ከላይም ጠርዙ ላይ መቆም ክልክል የሆነው ለሕይወታችን ነው።

እንዲህ ያለው ገደል በአሽቀሎን ብቻ አይደለም። በእስራኤል የሜዲትራንያን ዳርቻ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። መንግሥት ስለ ገደሉ ጥበቃ ውሳኔ ያሳለፈው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ሥራውን የሚመራ የመንግሥት ኩባንያም ከዚያ በኋላ ተቋቋመ።

የሚወድቀው አፈር ብቻ አይደለም

በዚህ ፓርክ ያለው ጥንታዊ ከተማ ነው። የከነዓናውያን በር የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1850 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከታወቁት ቅስት ያላቸው በሮች ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። ከከነዓናውያን በኋላ ፍልስጥኤማውያን፣ ቀጥሎም ሮማውያን፣ ሙስሊሞችና የመስቀል ጦረኞች ኖረውበታል። በመጨረሻ ሱልጣን ባይባርስ እ.ኤ.አ. በ1270 አፈረሰው።

እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2016 ድረስ የሌዎን ሌቪ ጉዞ የሚባለው የቁፋሮ ቡድን እዚህ ሠርቷል። መጀመሪያ የመሩት የሐርቫርዱ ፕሮፌሰር ሎረንስ ስቴጀር ነበሩ። በየበጋው ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች እየመጡ በብሩሽና በትንሽ መቆፈሪያ አፈሩን ገልጠዋል። የከተማው ምዕራባዊ ጫፍ ግን ያለው ገደሉ ላይ ነው። በዳርቻው ስትሄዱ ከአሮጌው ግንብ ውስጥ እንደ ግንድ የወጡ የድንጋይ ምሰሶዎች ታያላችሁ። ገደሉ ሲናድ ግንቡም አብሮ ይሄዳል። ባሕሩ የወሰደውን ደግሞ ማንም ቆፍሮ አያገኘውም።

አሸዋው ከየት መጣ?

ይኼን ስትሰሙ ትገረሙ ይሆናል። የአሽቀሎን አሸዋ በአብዛኛው ናይል ያመጣው ነው። ናይል ወደ ባሕሩ ያፈሰሰውን አሸዋ የባሕሩ ሞገድና ጅረት በሲናና በጋዛ ዳርቻ እየገፋ ወደ ሰሜን ያመጣዋል። ቅንጣቱ ከብዙ አገር ድንጋይ የተፈጨ ነው። በክረምት ናይልን ከሚያደፈርሰው አፈር ውስጥ ግን እጅግ የሚበዛው በዓባይና በተከዜ በኩል ከእኛው ደጋ የወረደ ነው። በአሸዋው ውስጥ ካሉት ጥቁር ቅንጣቶችም ከኢትዮጵያ ጥቁር ድንጋይ የመጡ አሉ። እንግዲህ እኛ በአውሮፕላን መጣን፤ አፈራችን ከእኛ ቀድሞ በውሃ መጥቷል ማለት ነው።

የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ግን ደለሉ ከግድቡ ኋላ ይቀራል። በዳርቻው ላይ የሚሠራ ወደብ ወይም ግንብም የአሸዋውን ጉዞ ያቋርጣል። ከግንቡ ደቡብ አሸዋ ይከመራል፤ ከሰሜኑ ይጎድላል። ሰፊ አሸዋ ለገደሉ እንደ አጥር ነው፤ ማዕበሉ እዚያው ይደክማል። አሸዋው ሲጠብ ማዕበሉ ገደሉን ያገኘዋል።

ተማሪዎች ምን ያደርጋሉ?

እንዲህ ያለው ችግር የአንድ ሙያ ሥራ አይደለም። ማዕበሉን የሚያውቀው መሐንዲስ ስለ ጥንቱ ግንብ አያውቅም፤ ግንቡን የሚያውቀው ስለ ወጪው አያውቅም። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛ ዲግሪ (በዕብራይስጥ ቶአር ሼኒ) ተማሪዎችን በቡድን አድርገው እውነተኛ ችግር ይሰጧቸዋል። ለምሳሌ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ፣ ብሬን በሚባለው የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ቤት አራት አምስት ተማሪዎች አንድ ዓመት ያህል አብረው ይሠራሉ። ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም፤ ባለቤት አለው። ባለቤቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ድርጅት ወይም ኩባንያ ይሆናል። ተማሪዎቹ ቦታውን ይዞራሉ፣ ይለካሉ፣ የቦታውን ሰው ይጠይቃሉ። በመጨረሻም «ይኼ መንገድ ይኼን ያህል ያስወጣል፣ እገሌን ይጠቅማል፣ እገሌን ይጎዳል» ብለው ለባለቤቱ ያስረክባሉ።

በአገራችንም ከዚህ የሚቀራረብ ሥራ ተሠርቷል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2007 በተፋሰስ አያያዝ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀመረ። ተማሪዎቹ ከባሕር ዳር ደቡብ በምትገኘው በደብረ ማዊ ቦረቦሩን ለኩ። ቦረቦሩ መቼ እንደ ጀመረ ለማወቅ ገበሬዎቹን ጠየቁ፤ የሚነግራቸው መጽሐፍ አልነበረማ! ጉድጓድ እየቆፈሩም ከመሬት ሥር ያለው ውሃ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ተከታተሉ። ያገኙት ነገር ይኼ ነው፦ ቦረቦሩ የሚበላው አፈር ከማሳው ላይ ከሚታጠበው እጅግ ይበልጣል። የሚናደውም በረግረጉ ግርጌ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ብሎ ግድግዳውን ከውስጥ ሲያርሰው ነው። ስለዚህ እርከኑን ዳገቱ ላይ ብቻ መሥራት አይበቃም፤ ግርጌውንም ማየት ያስፈልጋል።

ልብ በሉ፤ የደብረ ማዊ ቦረቦርና የአሽቀሎን ገደል አንድ አይደሉም። አንዱን የከርሰ ምድር ውሃ፣ ሌላውን ማዕበል ይጥለዋል። ነገር ግን ሁለቱም የሚወድቁት ከሥር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው?

አይደለም። ባሕሩ ውስጥ የማዕበል መስበሪያ ቢሠራ እዚህ ያድናል፤ ለጎረቤት ዳርቻ የሚደርሰውን አሸዋ ግን ሊያስቀር ይችላል። አሸዋ አምጥቶ ማፍሰስ ዳርቻውን አያበላሽም፤ ባሕሩ ስለሚወስደው ግን በየጊዜው መድገም ይጠይቃል። የገደሉን እግር በድንጋይ መሸፈን ማዕበሉን ያቆማል፤ ሰው የሚሄድበትን ዳርቻ ግን ያጠባል። ምንም አለማድረግም ዋጋ አለው፤ ጥንታዊው ከተማ እየተቆረሰ ይሄዳል። ሁሉንም ማዳን ስለማይቻል የትኛው ይቅደም የሚለውን መምረጥ ግድ ነው። የቡድን ሥራው ዋና ትምህርትም ይኼው ነው።

ለእኛስ?

ልጆቻችን አንዳንድ ጊዜ «አባባ ምን ያውቃል፤ አልተማረም» ሲሉ እንሰማለን። ወላጆችም «ዩኒቨርሲቲ ለሌላ ሰው ነው» ይላሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። እርከን የሠራ፣ ጎርፍ ያገደ፣ አፈር ሲሄድ ያየ ሰው ተማሪዎቹ ፈልገው የሚጠይቁት ሰው ነው። ልጁ ደግሞ ያንን እውቀት ይዞ መለኪያውን ቢማርበት ሁለት ዓይን ይኖረዋል። ስለዚህ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ስለ አገር ቤት ማሳችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ልጆችም ጠይቁ፣ በደብተራችሁም ጻፉ። በሚቀጥለው ቲዩል ደግሞ ከገደሉ ራቅ ብለን እንቀመጣለን፤ አባታችን የነገሩንን አንረሳም!

የዛሬ ቃላት፦ ያም፦ ባሕር። ጋል፦ ማዕበል። ሖል፦ አሸዋ። ሖፍ፦ የባሕር ዳርቻ። ማጾቅ፦ ገደል። ሾቬር ጋሊም፦ የማዕበል መስበሪያ። ሳካና፦ አደጋ።

ደኅና ሰንብቱ፣ ሌሂትራኦት!