ጤና ጣቢያው ሲፈተሽ

በጎጃም ደጋ፣ ከጎዛምን ተነስቶ በጮቄ ተራራ ሥር እስካሉት እስከ ስናንና ቢቡኝ ድረስ፣ ምጥ የያዛት እናት፣ ትኩሳት ያንገበገበው ሕፃንና የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ገበሬ ከሆስፒታል በፊት የሚደርሱት ጤና ጣቢያ ነው። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን በሥሩ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጤና ኬላዎች አሉት። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሕመምተኛ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ሪፈር ይላል። የወሊድና የድንገተኛ አገልግሎቱ ሌሊትም አይቋረጥም።

የዚህን ተቋም ብቃት ማን ያረጋግጣል? በየጊዜው ቼክሊስት ይዘው የሚመጡት ተቆጣጣሪዎችስ ምን ያያሉ? ሠራተኞቹ «ኢንስፔክሽን ሊመጣ ነው» ሲባሉ ምን ቢያዘጋጁ ነው በእውነት የተዘጋጁ የሚባለው? ጉዳዩ የጤና ባለሙያዎች ብቻ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በዚያ አልጋ ላይ የሚተኛው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ሕጉና መስፈርቱ

የጤና ተቋማት ቁጥጥር መሠረት የያዘው በአዋጅ ቁጥር 661/2002 እና እሱን ለማስፈጸም በወጣው ደንብ ቁጥር 299/2006 ነው። በኋላም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቀድሞ ተቋማቱንም ይቆጣጠር የነበረውን የፌዴራል ባለሥልጣን በምግብና በመድኃኒት ላይ እንዲያተኩር ሲያደርገው፣ የጤና ተቋማትና የባለሙያዎች ቁጥጥር በፌዴራል ደረጃ ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛወረ። በክልል ያለው የቁጥጥር ሥራ ከክልል እስከ ዞንና ወረዳ በተዘረጋው መዋቅር ይሠራል።

ጤና ጣቢያው የሚፈተሽበት ዝቅተኛ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ ደረጃዎች ኤጀንሲ በኩል የወጣ ነው። ሰነዱ እያንዳንዱን የሥራ ክፍል በአራት ነገሮች ይመዝነዋል፤ በአሠራሩ፣ በሕንፃውና በግቢው፣ በባለሙያው፣ እንዲሁም በመድኃኒቱና በመሣሪያው። ማዋለጃ ክፍሉ ሰፊና ንጹሕ ሆኖ አዋላጅ ነርስ ከሌለው ጎደሎ ነው። አዋላጅዋ ኖራ የምትከተለው የተጻፈ የአሠራር ሥርዓት ከሌለም እንዲሁ። አራቱ ተያይዘው ስለሚሄዱ አንዱን አሳምሮ ሌላውን መሸፈን አይቻልም።

ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ከዞን መምሪያ የሚመጣው ደጋፊ ሱፐርቪዥን ከዚህ የተለየ ነው። እሱ ጉድለትን አይቶ አብሮ ለማረም የሚደረግ ጉብኝት ሲሆን ኢንስፔክሽን ግን ፈቃድ የሚያሰጥና የሚያሳጣ ነው። ጤና ጣቢያውም የጤና ጣቢያ ሪፎርም መመሪያን ይዞ ራሱን በራሱ ይገመግማል። የራሱን ግምገማ ከልቡ የሠራ ጤና ጣቢያ የውጭ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እምብዛም አይደነግጥም፤ ጉድለቱን ቀድሞ ያውቀዋልና።

በአንድ ሳምንት የማይሞላው

ፍተሻ ሊመጣ ሲል በብዙ ቦታ የሚታየው ሩጫ የታወቀ ነው። ግድግዳ ኖራ ይቀባል፣ ሣር ይታጨዳል፣ ጋውን ይታጠባል፣ በየበሩ አዲስ ጽሑፍ ይለጠፋል። ንጽሕና መቼም ቢሆን አይጠላም። ነገር ግን ጎበዝ ተቆጣጣሪ ግድግዳውን አይቶ ያልፍና በአንድ ሳምንት ሩጫ ሊሞላ የማይችለውን ይጠይቃል።

ከክትባት ፍሪጅ እንጀምር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መቀመጥ አለበት። ሙቀቱ ጠዋትና ማታ ይነበባል፣ በፍሪጁ በር ላይ በተለጠፈው ቅጽ ይመዘገባል። ተቆጣጣሪው በመጀመሪያ የሚፈልገው የእሑድንና የበዓል ቀንን መስመር ነው። የጥምቀት ዕለት ማን አነበበ? መብራት የጠፋባት ሌሊት ቁጥሩ ስንት ሆነ? የሠላሳው ቀን ቁጥር ሁሉ «5» ከሆነ፣ በአንድ ብዕርና በአንድ እጅ የተጻፈም ከሆነ፣ ያ ወረቀት የሚመሰክረው ማንም እንዳላነበበ ነው። ባዶ የተተወ ቀን እንኳ ከሐሰተኛ ቁጥር ይሻላል፤ ቢያንስ ክፍተቱን ያሳያልና።

ደጋ ነው፣ ቅዝቃዜ አለ፣ ክትባት አይበላሽም ብሎ መዘናጋት ደግሞ ስሕተት ነው። የመንጋጋ ቆልፍ፣ የሄፓታይተስ ቢና ፔንታቫለንት የሚባሉት ክትባቶች ከሙቀት ይልቅ የሚፈሩት በረዶ መሥራትን ነው። አንዴ በረዶ ከሠሩ ኃይላቸው ይጠፋል፣ ቢቀልጡም አይመለሱም። ስለዚህ ከ2 ዲግሪ በታች የወረደ ቁጥር ከ8 በላይ ከወጣው ባልተናነሰ ያሳስባል። የክትባት ባለሙያዋም ጠርሙሱን ወዝውዛ ዝቃጩን በማየት በረዶ የሠራውን እንዴት እንደምትለይ ትጠየቃለች።

ቀጥሎ መሣሪያ የሚቀቀልበት ክፍል አለ። የደጋው ከፍታ እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በጮቄ ሥር ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። መሣሪያን በድስት አፍልቶ «ጀርሙ ሞቷል» ማለት እዚህ የባሰ አደገኛ ነው። አውቶክሌቭም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። በባሕር ጠረፍ አካባቢ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ እንፋሎቱ 121 ዲግሪ ይደርሳል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ በዚያው 15 ላይ ሙቀቱ ከ117 ብዙም አያልፍም፤ 121 ለማድረስ መለኪያው 19 ገደማ ማሳየት ይኖርበታል። ስለዚህ ሠራተኛው የመሣሪያው መመሪያ በሚፈቅደው ልክ ግፊቱን ከፍ ማድረግና ቴርሞሜትሩን ማየት አለበት። የተጠቀለለ መሣሪያ 30 ደቂቃ፣ ያልተጠቀለለ 20 ደቂቃ ይቆያል። የተቀቀለበት ቀን፣ ሰዓትና የሠራተኛው ስም በመዝገብ ላይ ይሰፍራል። ቀለሙን የሚቀይረው ቴፕ መሣሪያው ሙቀት እንዳገኘ ብቻ ይናገራል፤ ጀርሙ ለመሞቱ ሙሉ ማስረጃ አይሆንም።

የጽዳት ሠራተኛዋም ትጠየቃለች፤ መጠየቋም ተገቢ ነው። «እስኪ በረኪናውን በጥብጪ» ትባላለች። 5 በመቶ ከሆነ በረኪና 0.5 በመቶ ለማድረግ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ነው። ጠርሙሱ 4 በመቶ የሚል ከሆነ ውኃው ሰባት እጅ ይሆናል። ስለዚህ መለያውን ማንበብ አለባት፤ የተበጠበጠውንም በየቀኑ መቀየር። መርፌና ስለት የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ከሦስት አራተኛ በላይ አይሞላም። ቢጫው ባልዲ ደምና ፈሳሽ ለነካው፣ ጥቁሩ ለተራው ቆሻሻ ነው። ከጓሮ ያሉት የእንግዴ ልጅ ጉድጓድና ማቃጠያው ታጥረው ከብትና ልጅ የማይደርስባቸው መሆናቸው ይታያል። ይህን ሥራ በየቀኑ የምትሠራ ሴት ሥልጠናና ጓንት ካላገኘች ጉድለቱ የእሷ አይሆንም።

በማዋለጃ ክፍል ፍተሻው በቃል አይበቃም። አዋላጅ ነርሷ ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን ቢያጋጥማት የምታደርገውን በአሻንጉሊት ላይ ታሳያለች። ሕፃኑ ታብሶ፣ ሞቆና ተነቃቅቶ ካልተነፈሰ በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ አየር ማግኘት አለበት። አምቡ ባጉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ ከኃላፊው ኪስ ከሆነ ደቂቃዋ አለፈች። ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲንም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው፤ መስኮት ላይ ተቀምጦ ከተገኘ ምጥ ላይ ላለችው እናት አደጋ ነው።

መድኃኒትና መዝገብ

ወደ መድኃኒት መጋዘን ሲገባ ተቆጣጣሪው አንድ መድኃኒት ይመርጣል፤ አሞክሳሲሊን እንበል። ካርቶኑን ያስቆጥራል፣ ከዚያ የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ቢን ካርድ ላይ ካለው ቀሪ ጋር ያመሳክራል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ምክንያቱ መገለጽ አለበት። ቀኑ ቀድሞ የሚያልፈው መድኃኒት ከፊት መደርደሩ፣ ያለፈበትም ተለይቶ መቀመጡ ይታያል። በአገሪቱ የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ ይልካል። ከፍተኛው ክምችቱ የአራት ወር፣ ዝቅተኛው የሁለት ወር ነው፤ የሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀር የድንገተኛ ጥያቄ ይቀርባል።

በዚህ ረገድ ደብረ ማርቆስ ለአገር የሚተርፍ ታሪክ አላት። ኤፒቲኤስ የሚባለውና የመድኃኒት ግብይት ኦዲት እንዲደረግ የሚያስችለው አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ የተተገበረው እ.ኤ.አ. በ2011 በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በፊት መድኃኒት በሞዴል 19 ይገባና በሞዴል 22 ይወጣ ነበር፤ ከመጋዘን ወጥቶ ወደ ማደያው መስኮት ከደረሰ በኋላ ግን ለማን፣ ስንት፣ በምን ዋጋ እንደተሰጠ መከታተል አዳጋች ነበር። አዲሱ አሠራር እያንዳንዱን ሽያጭ በቲኬት አስያዘ፣ የፋርማሲ የሂሳብ ባለሙያ አቆመ፣ ቆጠራን የተለመደ ሥራ አደረገ። ከዚያ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተስፋፋ። የጎጃም ባለሙያዎች ሊኮሩበት የሚገባ ጅምር ነው።

በካርድ ክፍል ደግሞ ሪፖርት ከእውነቱ ጋር ይመሳከራል። ወደ ወረዳ ከተላከው ወርሃዊ ሪፖርት 12 መረጃዎች ይመረጣሉ፤ ለምሳሌ በጤና ጣቢያው የወለዱ እናቶች ቁጥር። ከዚያ መዝገቡ ተገልጦ መስመር በመስመር ይቆጠራል። ሪፖርቱ 31 ብሎ መዝገቡ 24 ካለ፣ ሰባቱ እናቶች የት አሉ? ጤና ጣቢያው ይህን ቆጠራ ራሱ በየወሩ እንዲሠራ ይጠበቃል።

ውጤቱን ማን ይወቅ?

የጤና ተቋማትን በመስፈርት መፈተሽ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሐሳብ ነው። የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1918 ከ100 አልጋ በላይ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች ሲፈትሽ መስፈርቱን ያሟሉት 89 ብቻ ሆኑ። መስፈርቱ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ከወደቁት መካከል ዝነኛ ሆስፒታሎች ስለነበሩ የስም ዝርዝሩ ጋዜጠኞች እጅ እንዳይገባ በኒው ዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ምድጃ ውስጥ ተቃጠለ።

በእኛ አገር ግን ሕዝቡ ራሱ የሚመዝንበት መንገድ ተከፍቷል። በማኅበረሰብ የውጤት ካርድ የአካባቢው ነዋሪ በየሩብ ዓመቱ ለጤና ጣቢያው በስድስት ነገሮች ውጤት ይሰጣል፤ በርኅራኄና በአክብሮት ማገልገል፣ ተራ የሚጠበቅበት ጊዜ፣ የመድኃኒትና የምርመራ መገኘት፣ መሠረተ ልማት፣ አምቡላንስ፣ ንጽሕናና ደህንነት። ይህ ካርድ የተቆጣጣሪውን ቼክሊስት አይተካም፤ አውቶክሌቭ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ገበሬው ሊያውቅ አይችልም። ነገር ግን ሚስቱ በምጥ ላይ ሳለች ተሰድባ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ እንጂ ቼክሊስቱ አይደለም።

ጥያቄው ደግሞ የመብት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር። ዛሬ መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለ ቤተሰብ መድኃኒት «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል የከፈለበትን አላገኘም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለሠራተኞቹም ፍትሕ ያስፈልጋል። የቧንቧ ውኃ የሌለው ጤና ጣቢያ በእጅ መታጠብ ቢወድቅ፣ መብራት የሚጠፋበት በፍሪጅ ቢወድቅ፣ ጥፋቱ የነርሷ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገድና አቅርቦትን እያወከ ባለሙያዎቹን ከባድ ሸክም አሸክሟቸዋል። ስለዚህ የፍተሻ ሪፖርት ጉድለቱን ሲዘረዝር ጤና ጣቢያው ራሱ የሚያርመውን፣ ወረዳው በጀት የሚመድብለትን፣ ክልሉ የሚመልሰውን ለይቶ ቀን ሊቆርጥለት ይገባል። ውኃ እንዲገባለት የተጻፈ ደብዳቤና ያልተመለሰ ጥያቄ የዝግጅቱ አካል ናቸው፤ በፋይል ይቀመጡ።

ለፍተሻ የሚዘጋጅ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ጊዜ ቢያጥረው ኖራውን ትቶ መዝገቡን ይያዝ። የዛሬውን ሙቀት ዛሬ መጻፍ፣ የዛሬውን መድኃኒት ዛሬ ከቢን ካርድ መቀነስ፣ የዛሬዋን እናት ዛሬ መመዝገብ ከማንኛውም ጥድፊያ ይበልጣል። አንባቢም በአካባቢዎ የውጤት ካርድ ስብሰባ ሲጠራ ይገኙ። ጤና ጣቢያችን መቼ ተፈተሸ፣ ምን ጎደለው፣ የጎደለውን ማን በስንት ጊዜ ይሞላል ብለው ይጠይቁ። መልሱን የማወቅ መብት አለዎት።