የማስመሰያ ጥይት፦ ሐሰተኛነቱ በጨለማም ይታወቅ

ተኩስ ምላጭ መሳብ ብቻ አይደለም። ጥይት ማጉረሱ፣ ሰደፉን ትከሻ ላይ ማሳረፉ፣ ማነጣጠሩ ሁሉ ልምምድ ይፈልጋል። ለዚህ ግን እውነተኛ ጥይት ማባከን የግድ አይደለም። ጥይት ደግሞ በአገራችን ድሮም ውድ ዕቃ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር።

የማስመሰያ ጥይት ባሩድም መለኮሻም የለውም። ባሩድ ይዞ ከሚጮኸው እርሳስ አልባ ጥይት ጋር መምታታት የለበትም፤ ያኛው በቅርብ ርቀት ሊገድል ይችላል።

አዲስ ዓለም የማውቃቸው አንድ አዛውንት ባለ 12 ካሊበር የአደን ጠመንጃ በፈቃድ ይዘዋል። የማስመሰያ ጥይታቸውን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። ከተተኮሰ ቀለህ ግርጌ የተመታውን መለኮሻ አውጥተው በምትኩ ላስቲክ ይወትፋሉ። ላስቲኩ መቺው መርፌ ባዶ ቦታ መትቶ እንዳይጎዳ ያደርጋል። ውስጡን በአሸዋና በኮላ ሞልተው ያደርቁታል፤ ክብደቱ ከእውነተኛው እንዲቀራረብ ነው። እውነተኛ ጥይት ፈትተው ግን አይሠሩም። መለኮሻ በምት የሚፈነዳ ነገር ነውና ትክክል ናቸው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የማስመሰያው ጥቅም እውነተኛውን መምሰሉ ነው፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ «ረስት» የተሰኘ ፊልም ሲዘጋጅ፣ ከማስመሰያዎቹ መሐል የተቀላቀለ አንድ እውነተኛ ጥይት የካሜራ ባለሙያዋን ሃሊና ሃቺንስን ገደለ፤ ዳይሬክተሩን ጆኤል ሱዛን አቆሰለ። የመሣሪያ ኃላፊዋ በየካቲት 2016 ዓ.ም ጥፋተኛ ተባለች፤ በኋላም 18 ወር እስራት ተፈረደባት። ያ ሁሉ የሆነው ባለሙያ በተመደበበት ቦታ ነው። ልጆች በሚሯሯጡበት ሳሎንማ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ስለዚህ ማስመሰያው ለዓይንም ለእጅም የተለየ ይሁን። ቀለሁ ጎንና ጎኑ በሰፊው ይበሳ፤ መብራት ቢጠፋ ጣት ያውቀዋል። ከእውነተኛው ጥይት ቀለም ፈጽሞ የተለየ ደማቅ ቀለም ይቀባ። ልምምድ በሚደረግበት ክፍል አንድም እውነተኛ ጥይት አይኑር፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ይቆለፍበት። ጠመንጃው ከመጉረሱ በፊት ቱቦው ይታይ፣ እያንዳንዱ ማስመሰያም አንድ በአንድ በእጅ ይፈተሽ። አፈሙዙ በግድግዳ ማዶም ቢሆን ሰው ወዳለበት አይዙር። ልምምዱ ሲያበቃ «አንድ ጊዜ ልድገመው» ማለት ይቅር፤ እውነተኛው ጥይት ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ የሚመጣ ድጋሚ ነው አደገኛው።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ያዛል። ፈቃዱ ግን ወረቀት ነው፤ ቀለሁን አገላብጦ የሚያይ ባለቤቱ ብቻ ነው።