የእንጨቱ ሉሕና የመስተዋቱ ሉሕ

ሐርጌሳን በማለዳ የሚመለከት ሰው፥ ከእንጨት የተጠረበ ሰሌዳ በብብታቸው ይዘው ወደ ቁርዓን ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሕፃናትን ያያል። ይህን ሰሌዳ ሶማሌዎች «ሎሕ» ይሉታል። በአማርኛችንም አንድ ቅጠል ወረቀት «ሉህ» ይባላልና፥ አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ ክቡራን አንባቢዎቻችን የሁለቱን ቃላት ዝምድና ለመገመት አትቸገሩም።

በዚያችው ከተማ ዛሬ ሌላ ሉሕ ገብቷል። ይኸውም ታብሌት የሚባለው፥ ገጹ መስተዋት የሆነና በብዕር የሚጻፍበት መሣሪያ ነው። ዛድ በተባለው አገልግሎት ከ2009 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ገንዘቡን በስልክ መላክና መቀበል ለለመደ ሕዝብ፥ ማስታወሻን በመስተዋት ላይ መጻፍ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሁለቱን ሉሖች ጎን ለጎን አድርገን፥ አዲሱ ሉሕ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛና ለቤተ ሰብ የሚሰጠውን ጥቅም፥ ሊያስከትል የሚችለውንም ጉዳት ለመግለጽ እንሞክራለን።

አሮጌው ሉሕ

የእንጨቱ ሉሕ ሥርዐት ቀላል ነው። ቀለሙ ከከሰል ይበጠበጣል፤ ብዕሩም ከመቃ ወይም ከቀጭን እንጨት ይቀረጻል። ተማሪው መምህሩ የሚነግረውን ቃል በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ እስኪይዘውም ድረስ ደጋግሞ ያነበዋል። ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ሳያይ ከወጣው በኋላ ሰሌዳው በውሃ ይታጠባል፤ የሚቀጥለውም ትምህርት ይጻፍበታል። እንግዲህ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር ይህ ነው፤ ጽሕፈቱ የሚጠፋው ትምህርቱ ከሰሌዳው ወደ ልብ ከተሻገረ በኋላ ነው።

ስለ ቃላቱም ጥቂት እንበል። «ብዕር» የምንለው በግዕዝ ብርዕ ሲሆን፥ በትግርኛም ብርዒ እንለዋለን፤ ጥንተ ትርጓሜውም መቃ ወይም ሸምበቆ ማለት ነው። ዐረቦች «ቀለም»፥ ሶማሌዎችም «ቀሊን» የሚሉት ቃል እንዲሁ ከሸምበቆ ስም የመጣ ነው። በአማርኛ ግን ቀለም ማለት የሚጻፍበት ማቅለሚያ እንጂ ብዕሩ አለመሆኑን ተማሪ ሊያስተውለው ይገባል።

አዲሱ ሉሕ

አዲሱ ሉሕ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። አሜሪካዊው ኤሊሻ ግሬይ በእጅ የተጻፈውን በኤሌክትሪክ ሽቦ ወደ ሩቅ ቦታ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ፈልስፎ በ1888 የባለቤትነት መብት ተቀበለ። በ1964 ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ከኮምፒዩተር ጋር የተገናኘ የመጻፊያ ሰሌዳ አወጣ። ከዚያም በ1993 አፕል ኒውተን የተባለውን መሣሪያ፥ በ2011 ሳምሰንግ ብዕር ያለውን ስልክ ለገበያ አቀረቡ፤ በ2015 ደግሞ አፕል ለታብሌቱ ብዕር ጨመረለት።

አሠራሩም በሁለት ዋና ዋና ዐይነት ይከፈላል። በአንደኛው፥ ከመስተዋቱ በታች እንደ መረብ የተዘረጉ ሽቦዎች የማግኔት ኀይል ይልካሉ፤ በብዕሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦም ያንን ኀይል ተቀብሎ መልስ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ብዕሩ ባትሪ አያስፈልገውም። በሁለተኛው ዐይነት ግን ብዕሩ የራሱ ባትሪ ኖሮት ምልክቱን ራሱ ይልካል። በሁለቱም መንገድ መሣሪያው የብዕሩ ጫፍ ያረፈበትን ቦታ ይከታተላል፤ ብዙዎቹም የእጅን ጫና ስለሚለኩ፥ ጠበቅ አድርገው ሲጽፉ መሥመሩ ይወፍራል።

እጅ የሚያስተምረው

በኖርዌይ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የ36 ተማሪዎችን የአንጎል እንቅስቃሴ ለክተው በ2024 ባወጡት ጥናት፥ ሰው በመስተዋት ላይ በብዕር ሲጽፍ የአንጎሉ ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ግንኙነት፥ በቁልፍ ሲመታ ከሚታየው የሰፋ መሆኑን ገልጸዋል። ጥናቱ የለካው የአንጎልን እንቅስቃሴ እንጂ የፈተና ውጤትን አይደለም፤ ሆኖም ነገሩ ፊደል ለሚማር ሰው ቸል የሚባል አይደለም።

ምሳሌውን ከራሳችን ፊደል እንውሰድ። «በ» ወደ «ቡ» የሚለወጠው ከቀኝ እግሩ ወገብ ላይ በሚወጣ ትንሽ ጭረት ነው፤ «ቢ» የሚሆነው ደግሞ ጭረቱ ወደ እግሩ ግርጌ ሲወርድ ነው። በላቲን ፊደል ሁለት ቁልፍ ነክቶ «ቡ»ን የሚያወጣ ሰው ጭረቱ የት እንደሚያርፍ ሳያውቅ ብዙ ገጽ ሊጽፍ ይችላል። በብዕር የሚጽፍ ሰው ግን ይህን ሳይወስን አንዲት ፊደል እንኳ ማውጣት አይችልም። አማርኛ ለሚማር ሹም የብዕሩ ዋና ጥቅም ይህ ይመስለናል።

ጎልማሳ ሹም ፊደል ሲማር ደግሞ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ሶማልኛ በይፋ የሚጻፍበት ፊደል የተወሰነለት በጥቅምት 1972 ነው። ከዚያ በፊት ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ በ1920ዎቹ መባቻ፥ ከሐርጌሳ በስተምዕራብ በምትገኘው በቦረማም ሼክ ዐብዱራሕማን ሼክ ኑር በ1933 የየራሳቸውን ፊደል ፈጥረው ነበር። የተመረጠው ግን የላቲኑ ሆነ። ያን ጊዜ በሐርጌሳ በእንግሊዝኛ፥ በሞቃዲሾም በኢጣልያንኛ መጻፍ የለመዱት የመንግሥት ሠራተኞች፥ የገዛ አፋቸውን ቋንቋ በጥቂት ወራት ውስጥ መጻፍ እንዲማሩ ታዘዙ። እንግዲህ ደብተር ይዞ ፊደል መቁጠር ለሹም ሥራው እንጂ ኀፍረቱ አይደለም።

ጥንቃቄ የሚያሻው

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የሀገራችን ሰው። ይሁን እንጂ የተጻፈ ሁሉ አይወረስም። በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ የከተማይቱ አብዛኛው ክፍል ፈረሰ። በዚያ የጭንቅ ወቅት የሬዲዮ ሐርጌሳን የዘፈን ክሮች ለማዳን የቈረጡ ሰዎች ከፊሉን መሬት ቈፍረው ቀበሩ፤ ከፊሉንም ወደ ጎረቤት አገሮች አሻገሩ። በ2014 የተቋቋመው የሐርጌሳ የባህል ማዕከልም ከ10,000 የሚበልጡ ካሴቶች ሰብስቧል። ከዚህ የምንማረው፥ በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር እንደ ጠፋ የሚቈጠር መሆኑን ነው።

ስለዚህ በታብሌት ለሚጽፉ አንባቢዎቻችን አራት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፥ የእያንዳንዱን ማስታወሻ ርእስና ቀን በቁልፍ ይጻፉ። የእጅ ጽሕፈትን ወደ ኅትመት ፊደል የሚለውጡ ዘዴዎች አስቀድመው የሚያስቡት ለታላላቆቹ ቋንቋዎች ነው፤ አፕል በ2020 ያወጣው ዘዴ የጀመረው በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነበር። ርእሱ በቁልፍ የተጻፈ ማስታወሻ ግን በተፈለገ ጊዜ ይገኛል።

ሁለተኛ፥ በየሳምንቱ መጨረሻ የጻፉትን በፒዲኤፍ አውጥተው በሌላ ዕቃ ላይ ግልባጭ ያኑሩ። ታብሌት ይወድቃል፤ ይሰረቃል፤ ባትሪውም ያረጃል።

ሦስተኛ፥ የመሥሪያ ቤት ምሥጢር ባዕድ ኩባንያ በሚያስተዳድረው ማኅደር እንዳይከማች ይጠንቀቁ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ባለቤቱ ካልከለከላቸው የተጻፈውን በኢንተርኔት ወደዚያ ይልካሉና፥ ከመጻፍ በፊት ይህን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

አራተኛ፥ ዋናው ይህ ነው። የእንጨቱ ሉሕ ቦታው ጥቂት ስለ ሆነ ተማሪውን እንዲያጠና ያስገድደዋል፤ የመስተዋቱ ሉሕ ግን ቶሎ አይሞላምና ማንንም አያስገድድም። ሺህ ገጽ ጽፎ አንዱን ገጽ እንኳ ተመልሶ የማያነብ ሰው፥ ማስታወሻ አከማቸ እንጂ ዕውቀት አልያዘም። ስለዚህ በየማታው ከእራት በኋላ የዕለቱን ገጽ ይግለጡ፤ አንብበውም መሣሪያውን ይክደኑና ዋናውን ነገር ሳያዩ ለራስዎ ይናገሩት። የያዙትንና የማያስፈልገውን ያጥፉ፤ ለሥራ የሚያስፈልገውን ብቻ ያስቀሩ።

ለቤተ ሰብ

ወላጆችም ልጃችን ታብሌት የለውምና ወደ ኋላ ቀረ ብለው አይዘኑ። ጥቅሙ የሚገኘው ከእጁ እንቅስቃሴ እንጂ ከመስተዋቱ ውድነት አይደለም፤ እርሳስና ደብተርም፥ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳም ይህንኑ እጅ ያሠለጥናሉ። መሣሪያው በቤት ካለም፥ ልጁ በሚጽፍበት ሰዓት ጨዋታውና ሥዕሉ እንዲዘጋለት ያስፈልጋል። ፊደሉን ጽፎ ሲጨርስ እናት ወይም አባት ትጠይቀው፥ ይጠይቀው፤ ሳያይ ከመለሰ ገጹ ይታጠብለት።