የተወጋ አጋዘን ሁሉ አይሞትም

በአሜሪካ ነጭ ጭራ አጋዘንን በደጋንና ቀስት ማደን የተለመደ ነው። በየዓመቱ የአደን ወቅት ቀስት አግኝቷቸው ጫካ ገብተው የሚሰወሩም ጥቂት አይደሉም። የአደን ተቃዋሚዎች እነዚህ ሁሉ ተሠቃይተው ይሞታሉ ይላሉ፤ አንዳንድ አዳኞች ደግሞ «አጋዘን ጠንካራ ነው፣ ይድናል» እያሉ ይጽናናሉ። ማስረጃው ለሁለቱም አያደላም። የእንስሳውን ዕጣ በዋናነት የሚወስነው ጥንካሬው ሳይሆን የቀስቱ ስለት ያረፈበት ቦታ ነው።

ጥይት በጉልበቱ አካልን ያደቃል፤ ቀስት ግን የሚገድለው ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው። ጫፉ ላይ ያሉት ምላጮች ሁለቱንም ሳንባ ከበሱ አጋዘኑ ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል። ያው ስለት ከአከርካሪው በላይ ባለው ሥጋ ወይም በፍርምባው በኩል አልፎ ትልቅ የደም ሥር ካልነካ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በስል ምላጭ የተቆረጠ ሥጋ ብዙ ስለማይቀጠቀጥ ደሙ ሲረጋ ቁስሉ ሊገጥም ይችላል። የተሰበረ የቀስት ጫፍ ብራኳው ውስጥ ቢቀር እንኳ ሰውነቱ በጠባሳ ከብቦ ሊይዘው ይችላል። ሆድ ላይ ሲያርፍ ግን የጨጓራና የአንጀት ፈርስ ከነባክቴሪያው ሆድ ዕቃው ውስጥ ይፈስሳል። ወደ ውጭ የሚወጣው ደም ትንሽ ቢሆንም ኢንፌክሽኑ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

በሜሪላንድ፣ ኢንዲያን ሄድ በሚገኘው የባሕር ኃይል ይዞታ ከ1989 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በተያዘ መዝገብ በቀስት ከተመቱ 908 አጋዘኖች 746ቱ ተገኝተዋል። የቀሩት 162ቱ፣ ማለትም 18 በመቶ ያህሉ፣ አልተገኙም። አልተገኙም ማለት ግን ሞቱ ማለት አይደለም። በኦክላሆማ፣ ማካሌስተር የጦር መሣሪያ ማምረቻ ግቢ ውስጥ የሬዲዮ ማሰራጫ የታሰረላቸው ወንድ አጋዘኖች ይህን አሳይተዋል፤ በባህላዊ ደጋን ከተመቱት መካከል ግማሾቹ በአዳኞቹ እጅ ባይገቡም፣ ካመለጡት የሚበዙት በሕይወት ቀጥለዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሳንባው የተበሳ በቅርብ ወድቆ ስለሚገኝ፣ ከፍለጋ ካመለጡት መካከል ቀላል ቁስል ያላቸው ይበዛሉ።

የኦክላሆማው ጥናት የተከታተላቸው እንስሳት ጥቂት ናቸው የሚል ሰው እውነት አለው፤ ውጤቱን ለሁሉም ጫካ መዘርጋት አይቻልም። አዳኞች የሚያነሡት የዳነ ጠባሳ ደግሞ ከዚህ የባሰ ደካማ ማስረጃ ነው፤ ጠባሳውን የሚያሳየው የተረፈው ብቻ ነውና። ካልተገኙት መካከል ሆዳቸው የተወጋም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ደማቸው ብዙ ስለማይንጠባጠብ ዱካቸው ይጠፋል። የተረፈውም ቢሆን ከሥቃይ አላመለጠም። ስለዚህ መትረፉ ለተሳሳተ ውርወራ ምሕረት ሊሆን አይችልም።

ይህ ዕውቀት የሚጠቅመው ለሥራ ሲውል ነው። ቀስቱ ላይ የተገኘው ደም ደማቅና አረፋማ ከሆነ ሳንባ፣ ጠቆር ካለ ጉበት፣ አረንጓዴ ፈርስ የተቀላቀለበትና የሚሸት ከሆነ ደግሞ ሆድ መመታቱን ይጠቁማል። ሆዱ የተመታውን ወዲያው ማሳደድ አስነሥቶ ያርቀዋል፤ ለሰዓታት መታገሥና ከዚያ ዱካውን መከተል ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን አዳኝ ከቅርብ፣ እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ብቻ ይወርውር፤ ከተጠራጠረ ደጋኑን ያውርድ።