የግንባታ ቦታ የደለል ቁጥጥር ምስክር ወረቀት እድሳት (ዋሽንግተን ስቴት)

የአፈር መሸርሸርና የደለል ቁጥጥር ምስክር ወረቀት በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት የዝናብ ጎርፍ ከግንባታ ቦታ አፈር አጥቦ ወደ ወንዝ እንዳያስገባ የሚቆጣጠር ባለሙያ የሚይዘው ማረጋገጫ ነው። በእንግሊዝኛ አህጽሮቱ ሲ.ኢ.ኤስ.ሲ.ኤል. ይባላል። የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ብቻ ስለሆነ በየጊዜው መታደስ አለበት።

አስፈላጊነቱ

ሣርና ዛፍ የለበሰ መሬት የዝናቡን ኃይል ስለሚያበርድ ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። መሬቱ ለግንባታ ሲገፈፍ ግን ዝናቡ ባዶውን አፈር ይመታል፤ ጎርፉም ደቃቁን አፈር ይዞ ይወርዳል። በዚህ አካባቢ ቀዳሚ ተጎጂ ከሚሆኑት አንዱ የሳልሞን ዓሣ ነው። ሳልሞን እንቁላሉን የሚጥለው በወንዝ ጠጠር መካከል ነው። ደለል የጠጠሩን ክፍተት ከደፈነው ኦክስጅን የያዘ ውሃ ስለማይደርሰው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። በፒውጄት ሳውንድ የሚገኘው ቺኑክ ሳልሞን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ሥጋት ላይ ያለ ዝርያ ተብሎ ተመዝግቧል።

ሕጋዊ መሠረት

መነሻው በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ ውሃ ሕግ ነው። ሕጉ በ1987 ሲሻሻል የዝናብ ፍሳሽን በግልጽ አካተተ። በ1990 የወጣው ደንብ 5 ኤከርና ከዚያ በላይ የሆኑ ግንባታዎች ፈቃድ እንዲይዙ አዘዘ፤ በ1999 የወጣው ደግሞ መነሻውን ወደ 1 ኤከር (0.4 ሄክታር ገደማ) ዝቅ አደረገው። በዋሽንግተን ፈቃዱን የሚሰጠው የስቴቱ የሥነ ምህዳር መሥሪያ ቤት ነው።

የባለሙያው ሥራ

ባለሙያው ቦታውን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም ውሃ ከቦታው በወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይፈትሻል። የደለል አጥር፣ ክትርና በአፈሩ ላይ የተነሰነሰ ጭድ ሥራቸውን መሥራታቸውን ያያል። የሚወጣውን ውሃ ድፍርስነት ይለካል። መለኪያው ኤን.ቲ.ዩ. ይባላል፤ ውጤቱ ከ25 ካለፈ የቁጥጥር ዘዴው መስተካከል አለበት፤ 250 ከደረሰ ወይም ካለፈ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ይነገራል።

እድሳቱ

የመጀመሪያው ሥልጠና 16 ሰዓት ሲሆን የእድሳቱ 8 ሰዓት ነው። ሰልጣኙ የፈቃዱን ግዴታዎች፣ የውሃ ናሙና አወሳሰድንና የመከላከያ ዘዴዎችን ይከልሳል። አንድ ጊዜ መማር የማይበቃበት ዋና ምክንያት ደንቡ ራሱ የሚለወጥ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ፈቃድ በሕግ ከ5 ዓመት በላይ ሊቆይ ስለማይችል በየጊዜው ተከልሶ እንደገና ይወጣል። በአሮጌው እውቀቱ ብቻ የሚሠራ ሰው ሳያውቀው ደንብ ሊጥስ ይችላል።

ምስክር ወረቀቱ በሥራ መካከል ጊዜው ካለፈ 1 ኤከርና ከዚያ በላይ የሆነ ቦታ ሌላ ብቁ ባለሙያ እስካልተተካ ድረስ ሕጋዊ ፍተሻ አይኖረውም። በተለይ በምዕራብ ዋሽንግተን ይህ ከባድ ነው። በዚያ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ባለው የዝናብ ወቅት ሥራ ያልተነካው አፈር ከ2 ቀን በላይ ሳይሸፈን እንዲቆይ አይፈቀድም። ስለዚህ የማብቂያውን ቀን አስቀድሞ አይቶ ዝናቡ ሳይገባ ማሳደስ ይመረጣል።