ድካም ነው ወይስ በሽታው ተመለሰ?

ፖሊማዮሳይቲስ የተባለው፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ ጡንቻን የሚያጠቃበት በሽታ ከያዘኝ ቆይቷል፡፡ በመድኃኒት ጋብ ብሎልኝ ሳለ፣ ባለፈው ስቅለት ከሳክሲ ጋርላንድ ድረስ ሄጄ ስሰግድ፣ መሬት ካልተደገፍኩ መነሳት አቃተኝ፡፡ «ሥራ በዝቶብህ ነው» አሉኝ፡፡

ውድ አንባቢያን፣ ድካምና የጡንቻ መዛል አንድ አይደሉም፡፡ ድካም ብዙውን ጊዜ በእረፍት ይቀላል፤ ይህ ግን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ የሁለቱንም ጭንና ትከሻ አቅም ይነሳል፡፡ ደረጃ መውጣት፣ ፀጉር ማበጠር ይከብዳል፤ ሕመም ላይኖረው ይችላል፡፡

መሐንዲስ ሳይለካ አያምንምና፣ ከወንበር አምስት ጊዜ ለመነሳትና ለመቀመጥ የሚፈጅብኝን ሰከንድ በየሳምንቱ እመዘግባለሁ፡፡ ቁጥሩ እየጨመረ መሄዱን ለሐኪሜ አሳየሁ፤ በደም ምርመራም ሲኬ የተባለው የጡንቻ ኢንዛይም ከፍ ብሎ ተገኘ፡፡

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፡፡ ፕሬድኒሶን ራሱ ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ ጭንን ያዳክማል፤ ያኔ ግን ሲኬ አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም፡፡ ስለዚህ መድኃኒቱን በራስ ግምት መጨመርም ሆነ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፡፡ ጉርሻ አልዋጥ ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ 911 ይደወላል፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡